የሰው ስልክና የቦታ ስልክ

በቋራ ቆላ፣ ከገለጉ ከተማ ወጣ ባለ የሰሊጥ እርሻ ላይ፣ በነሐሴ የአረም ወቅት፣ አንድን የቀን ሠራተኛ ከመሸ በኋላ እባብ ነደፈው እንበል። ጓደኞቹ እግሩን አሥረው፣ የእጅ ባትሪ አብርተው፣ መጀመሪያ የሚጠያየቁት «የጤና ጣቢያ ስልክ የያዘ አለ?» ብለው ነው። ከመካከላቸው አንዱ «ነርስ ጤና ጣቢያ» ብሎ የመዘገበው፣ በ09 የሚጀምር ቁጥር አለው። ይደውላል። ስልኩ ይነሣል፤ የሚመልሰው ሰው ግን ጎንደር ነው። ከተዛወረ ዓመት አልፎታል፣ ሲም ካርዱም አብሮት ሄዷል። ሌላው የአምቡላንስ ሹፌሩን ቁጥር ይሞክራል። ሹፌሩ ዛሬ ተረኛ አይደለም፤ ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል።

ጤና ጣቢያው ካለበት አልተነቃነቀም። ተረኛ ባለሙያም ውስጡ ተቀምጧል። የጠፋው ጤና ጣቢያው ራሱ የሚጠራበት ቁጥር ነው።

ታሪኩ ለምሳሌ የቀረበ ቢሆንም በቋራ፣ በመተማ ወይም በምዕራብ አርማጭሆ ክረምት ያሳለፈ ሰው አምሳያውን ያውቀዋል። በገጠሩ ኢትዮጵያ ነፍሰ ጡር እናት ምጥ ሲመጣባት እንድትደውል የሚሰጣት ቁጥር ብዙ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም የሹፌሩ የግል ሞባይል ነው። ባለሙያዎቹ ደግ ሆነው፣ ከኪሳቸው ካርድ እየሞሉ፣ ሌሊት ሳይቀር ስልካቸውን ያነሣሉ። ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁንና ሰው ይዛወራል፣ ይታመማል፣ ስልኩን ይሰረቃል፣ መሥመር ይቀይራል።

«በዚህ ዘመን መደበኛ ስልክ ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ ሲነሣ የወር ሒሳብ ጉዳይ ይመስላል። ሳሎን ጥግ አቧራ የሚጠጣ ዕቃ፣ ደዋይ የሌለው፣ ሆኖም በየወሩ የሚከፈልበት። ብዙ ቤተሰብ «ይመለስልን» ብሎ አስመልሷል። ገለጉ ላይ ሲነሣ ግን ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። እዚያ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ የያዘው የመጀመሪያ ስልክ ሞባይል ስለሆነ ከቤቱ የሚመልሰው መሥመር የለውም። ስለዚህ የቆላው ጥያቄ «አንድ ቦታ የራሱ ስልክ ያስፈልገዋል ወይ?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ መልስ ያስፈልገዋል የሚል ነው፤ ለመኖሪያ ቤትም ቢሆን ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ያስፈልገዋል።

ስልክ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የልደቱን ዘመን የሚቆጥረው ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሆን በ2017 ዓ.ም. 130ኛ ዓመቱን አክብሯል። በ1945 ዓ.ም. ሥራው ራሱን በቻለ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሥር ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሠርት ዓመታት ስልክ የጥቂቶች ነበር። መሥመር ለማስገባት ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ የተለመደ ነገር ሆነ። የሚከራይ ቤት ሲተዋወቅ «ውኃ፣ መብራትና ስልክ የገባለት» የሚል ሐረግ ዋጋ ይጨምር ነበር። ስልኩም ክብር ነበረው። ዳንቴል ለብሶ ከቡፌው አጠገብ ይቀመጣል። ልጆች እንዳይደውሉበት በሚዞረው ቁጥር ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ቁልፍ ትገባለች፤ አለዚያም በእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል።

ያ ስልክ ታዲያ የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም። ከአሜሪካ ወይም ከጅዳ ሲደወል «የእነ እገሌን ልጅ ጥሩልኝ» ይባላል፤ አንድ ልጅ እየሮጠ ይሄዳል፣ ጎረቤቲቱ ነጠላዋን እያስተካከለች ትደርሳለች፣ ደዋዩም ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሶ ይደውላል። ስልክ ባልደረሰበት ከተማ ደግሞ ቴሌ ቢሮ ሄዶ ተራ ይጠበቃል። ውጭ አገር ለዓመታት የኖረ ሰው ዛሬም የእናቱን ቤት ቁጥር በቃሉ ይወጣዋል። የሚስቱን ሞባይል ቁጥር ግን ስልኩን ሳይከፍት መናገር ሊያቅተው ይችላል።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. መጣ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የስልክ ቁጥሮች አደረጃጀት ተቀይሮ አዲስ አበባ 011፣ ባሕር ዳርና ጎንደርን የያዘው የሰሜን ምዕራብ አካባቢ ደግሞ 058 መለያ ተሰጣቸው። ያን ጊዜ እንኳ መደበኛ ስልክ የበላይ የሚሆን የመሰላቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ቁጥሩ ይናገራል። በ2015 በጀት ዓመት መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ከ69 ሚሊዮን በላይ የሞባይል ድምፅ ደንበኞች ሲኖሩት የመደበኛ ስልክ ደንበኞቹ ከአንድ ሚሊዮን በታች ነበሩ። ከመቶ ኢትዮጵያዊ አንድ እንኳ አይደርስም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በ07 በሚጀምሩ ቁጥሮች አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም የመጣው በሞባይል ነው።

ይህ ለውጥ በረከት ነው፤ መካድ አይገባም። ለቋራ ገበሬ የሰሊጥ ዋጋ ገንዳ ውኃ ላይ ስንት እንደዋለ ሳይንቀሳቀስ መስማት ትልቅ ነገር ነው። ከደጋ ወርዶ በእርሻ ካምፕ ወራት የሚቆይ ወጣት፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉግ፣ የላቡን ዋጋ በቴሌብር ለእናቱ መላክ መቻሉ ገንዘብ በወገቡ ታጥቆ ከመጓዝ አድኖታል። አንድ የገመድ ስልክ እርሻ መካከል ላለ ሰው ይህን አይሰጠውም።

ሞባይል ግን ደካማ ጎን አለው፤ በቆላ ሲሆን ደግሞ ድክመቱ ይብሳል።

የድሮው የመዳብ ገመድ ስልክ መብራት ቢጠፋም የሚሠራው ኃይሉ ከግድግዳ ስለማይመጣ ነው። 48 ቮልት የሚሆነው ጉልበት ከቴሌ ጣቢያው ባትሪዎች ተነሥቶ በዚያው በድምፁ ገመድ ይመጣል። ቤቱ ጨለማ ቢሆንም እጀታውን ያነሣ ሰው የመሥመሩን ድምፅ ይሰማል። ሞባይል ግን ሁለት ቦታ ኃይል ይፈልጋል፤ ኪስ ውስጥና ማማው ሥር። ኪስ ውስጥ ያለው ካለቀ፣ በገበያ ቀን ሱቅ ሄዶ ከፍሎ ቻርጅ ማስደረግ አለ። ማማው ሥር ያለው ካለቀ ግን መንደሩ በሙሉ ዝም ይላል። ማማው መብራት ሲጠፋ በባትሪና በናፍጣ ጄኔሬተር ይቆያል፤ ናፍጣው ደግሞ በመኪና መምጣት አለበት። ክረምት መንገዱን ሲያበላሸው፣ ወይም ግጭት ሲዘጋው፣ ናፍጣው አይደርስም።

ሙቀቱም አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ መተማ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በየማማው ሥር ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜው የሚሰላው በ25 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ነው። ከዚያ በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር የዘርፉ ባለሙያዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ደብረ ታቦር ላይ ዓመታት የሚቆይ ባትሪ ቋራ ላይ ቶሎ ይደክማል ማለት ነው። አንድ ሰው «ኔትወርክ የለም» ብሎ ሲማረር አንዳንድ ጊዜ የሚማረረው ሙቀት በበላው ባትሪ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ለመደበኛ ስልክ የሚሟገት ሰው ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። የዛሬ መደበኛ ስልክ የድሮው ነው ወይ? በከፊል አይደለም። አዲሶቹ መሥመሮች በፋይበር ሲመጡ ቤት ውስጥ ያለው መሣሪያ የራሱን መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። የሠፈር ካቢኔትም ባትሪ አለው፤ ያንኑ ሙቀት ይቀምሳል። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ከሥሩ ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ሲጀመር መደበኛውም ሞባይሉም አብረው ተቋርጠዋል። ቤተሰብ ከቤተሰብ ሳይሰማማ ብዙ ወራት አልፈዋል። በአብዛኛው ቦታ አገልግሎቱ የተመለሰው ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው። መደበኛ ስልክ ከእንዲህ ያለው መዘጋት ያድናል የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል።

ከፊል መዘጋት ሲሆን ግን ልዩነቱ ይታያል። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ቆይቷል። በዚያን ጊዜ በገመድ የሚመጣው ኢንተርኔት በሚሠራባቸው የባሕር ዳር ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ሰው ተሰብስቦ መልእክቱን ሲልክ ይታይ ነበር። በገመድ የተያያዘ ቤት ያለው ሰው፣ ሞባይል ብቻ ካለው ጎረቤቱ ይልቅ አንድ ተጨማሪ በር ነበረው።

ከመተማ ድልድይ ማዶ፣ ከሱዳንም፣ ትምህርት አለ። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ውጊያ ሲጀመር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ገባ፤ ሱዳናዊ፣ ከስደት የሚመለስ ኢትዮጵያዊ፣ የሌላ አገር ዜጋም ጭምር። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የሱዳን ዋና ዋና የስልክ ኩባንያዎች፣ ዘይን፣ ሱዳኒና ኤምቲኤን፣ መረባቸው በአብዛኛው አገሪቱ ተቋረጠ። ድልድዩን ተሻግረው ከመጡት መካከል ስልካቸው የተወሰደባቸው፣ ባትሪው ያለቀባቸው ወይም ሲማቸው ከድንበር ወዲህ የማይሠራላቸው ነበሩ። ቀይ መስቀል እንዲህ ላሉ ተፈናቃዮች ወደ ቤተሰባቸው በነፃ የሚያስደውለው ለዚህ ነው። በዚያች ጊዜ ስልኩን የጨበጠ ሰው የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በቃሉ የያዘው፣ ያልተቀየረ ቁጥር። ሦስት ጊዜ ሲም የቀየረ ወንድም አይገኝም። ለሃያ ዓመት አንድ ቦታ የቆየ የቤት ስልክ ያለው ቤተሰብ ይገኛል።

ለመኖሪያ ቤት መደበኛ ስልክ ይኑር የሚባልበት ዋናው ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው። የቤት ስልክ የሚጠራው ቤቱን ነው። ማንም ቤት ውስጥ ያለ ሰው ያነሣዋል፤ አያት፣ ሠራተኛ፣ የስምንት ዓመት ልጅ። እናት ሥራ ላይ ሆና ልጆቿ ከትምህርት ቤት መግባታቸውን ልታረጋግጥ ብትፈልግ፣ የልጆቹ ሞባይል የሚነግራት ልጆቹ መኖራቸውን እንጂ ቤት መግባታቸውን አይደለም። የደከሙ ሽማግሌ በሞባይል መስተዋት ላይ ጣታቸውን እያንሸራተቱ ከሚቸገሩ፣ እጀታ ማንሣት ይቀላቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት፣ መሥመሩ ከገባለት፣ አይመልሰው።

ሁሉም ቤት ግን ያስቀምጥ ማለት አይደለም። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ፣ ብቻውን የሚኖር ወጣት፣ ኢንተርኔቱንም በሞባይል የጨረሰ ሰው መደበኛ ስልክ ቢመልስ የሚጎድልበት ነገር የለም። በገለጉ ቤት ለቤት ገመድ እንዘርጋ ማለትም ገንዘብ ማባከን ነው። መዳቡ ይሰረቃል፣ መንገድ ሲቆፈር ይበጠሳል፣ ጠጋኙ ከሩቅ ይጠበቃል።

ሌላው ዓለምም በዚህ ጉዳይ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያለ ነው። እንግሊዝ የመዳብ ስልኳን በ2025 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ልትዘጋ ወስና ነበር። ከዚያ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን በአንገታቸው የሚያጠልቁት የአደጋ መጥሪያ ወደ አዲሱ መሥመር ሲዞር እምቢ ማለቱ ታየና ቀነ ገደቡ ወደ ጥር 2027 እ.ኤ.አ. ተገፋ። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩባንያዎች በመደበኛ ስልክ ብቻ ለሚተማመኑ ደንበኞች መብራት ቢጠፋ ቢያንስ አንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ የሚያስደውል ዘዴ እንዲያዘጋጁ ያዝዛል። በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ኤቲ ኤንድ ቲ ለማንኛውም ጠያቂ መደበኛ ስልክ የማቅረብ ግዴታው እንዲነሣለት ጠይቆ በ2024 እ.ኤ.አ. ክፍለ ግዛቱ ከልክሎታል። ሞባይል በደንብ የማይገባባቸው የተራራና የገጠር ነዋሪዎች በመድረኩ ተነሥተው ተሟግተው ነበር። ሀብታም አገር ስልኩን ሲዘጋ የሚጨነቀው ለደካማው ነዋሪውና ለሩቁ መንደሩ ነው። ቋራ ደግሞ መላዋ ሩቅ መንደር ናት ማለት ይቻላል። በአንድ በኩል የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ በሌላ በኩል የሱዳን ድንበር፣ በመካከል በሺዎች የሚቆጠሩ ወቅታዊ ሠራተኞች የሚያድሩባቸው የእርሻ ካምፖች አሉ። ወባና ካላዛር የቦታው ኗሪ በሽታዎች ናቸው። ካላዛር ካልታከመ የሚገድል ነው፤ በሽተኛው የሚድነው ቶሎ ተጠቁሞ ቶሎ ከተላከ ነው። ጥቆማውም መላኩም ስልክ ይፈልጋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነገሩ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መደበኛ ስልክ ዛሬ ገመድ ላይኖረው ይችላል። የቀድሞው ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ለገጠር ያሠራጨው የሲዲኤምኤ ገመድ አልባ ስልክ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ እጀታ ያለው፣ በአየር የሚሠራ ስልክ ነበር። ብዙ ቀበሌዎች ከዓለም ጋር የተገናኙት በእሱ ነው። ያው አሠራር ዛሬም ይቻላል። ጤና ጣቢያው ተረኛ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ፣ ከቤት የማይወጣ፣ በትንሽ የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ የሚሞላ አንድ ስልክ። ፀሐይ እንደሆነ ቆላ አይነፍግም። ዋናው ቁም ነገር መሣሪያው አይደለም፤ ውሉ በማን ስም ነው የሚለው ነው። ቁጥሩ በጤና ጣቢያው ስም ይመዝገብ፣ ሒሳቡ ከጤና ጣቢያው በጀት ይከፈል፣ ነርስ ሲዛወር ከመድኃኒት ቤት ቁልፍ ጋር አብሮ በርክክብ ሰነድ ላይ ይፈረምበት። ለፖሊስ ጣቢያው፣ ለትምህርት ቤቱና ለፓርኩ ጽሕፈት ቤትም እንዲሁ።

አንዳንድ ኃላፊዎች «ሠራተኛው ሞባይል አለው፣ ለምን ሌላ ወጪ?» ይሉ ይሆናል። የወር ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የሰሊጥ እርሻ ባለሀብት በአንድ ክረምት ለውኃ ማመላለሻ ከሚያወጣው ጋር አይወዳደርም። ሠራተኛውም ከኪሱ እየከፈለ የመንግሥት ሥራ መሥራቱ ይቀርለታል፤ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር። ከመሸ በኋላ የግል ስልኩን መዝጋትም መብቱ ነው። ያለ ተረኛ ስልክ ይህን መብቱን ሲጠቀም በሰው ሕይወት እየፈረደ ይመስለዋል። ይህን ሸክም ከአንድ ወጣት ነርስ ትከሻ ላይ ማውረድ የወረዳው ኃላፊነት ነው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ይታወቅ። በጤና ጣቢያው አጥር ላይ በትልቁ ይጻፍ። በየእርሻ ካምፑ የምግብ ማብሰያ ዳስ ምሰሶ ላይ ይለጠፍ። ከደጋ የሚመጣው ወጣት ሥራ ሲጀምር ከመጀመሪያው የቀን አበል ጋር በወረቀት ይሰጠው። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ጓደኛው ስልኩ ላይ «ጤና ጣቢያ» ብሎ ይመዝግብለት። ያ ምዝገባ በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ቁጥር እውነት ሆኖ መቆየት አለበት።

የቋራና የመተማ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የዘንድሮው አረም ሳይጀመር ይህን አንድ ነገር ቢፈጽሙ ትልቅ ሥራ ነው። እርስዎም መደበኛ ስልክ ያለው ቤት ካለዎት፣ ከመመለስዎ በፊት ዛሬ ማታ እጀታውን አንሥተው መሥመሩ ድምፅ እንዳለው ይስሙ። ካለ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ለልጆችዎ፣ ለጎረቤትዎና ሩቅ አገር ላለው ዘመድዎ ይስጡ።